ለቅሶው ላይ የጠጣሁት ውሃ

ውድ ኛሩአች፣

ባለሞተሩ ሉዋል ይህን ወረቀት ሲሰጥሽ ሰው ፊት አትክፈቺው። እናትሽም ፊት፣ በተለይ ደግሞ ወንድምሽ ዳክ ፊት አይሁን። ራቅ ብለሽ ብቻሽን ቁጭ በይና አንብቢው። ቆሞ የሚነበብ አይደለም። መሃል ላይ ትቀጂው ይሆናል እያልኩ እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ሁለቱን ጊዜ ኔትወርክ እንቢ አለ። በሦስተኛው ግን አነሳሽው። "ሰአዳ? ሰአዳ? ደህና ነሽ?" ስትይ ሰማሁሽ፤ ከጀርባሽ ከብት ሲጮህም ሰማሁ። ከዚያ ተቋረጠ። ኔትወርክ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

እንግዲህ አንዴ ልበለውና ልገላገል። ጠመንጃሽን ያስወሰደው ጎረቤታችን ሞባይል ጠጋኙ ሙት አይደለም። እኔ ነኝ። ዳክ ቅዳሜ ሙትን ፍለጋ ጋምቤላ ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ዛሬ ሐሙስ ነው። የቸኮልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ብትቀጂውም የሚያስፈልገውን አውቀሻል። ካልቀደድሽው ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ይቅር እንድትይኝ አይደለም፤ ዳክ "ታዲያ ለምን?" ሲልሽ የምትመልሺው እንዳታጪ ነው።

አንቺና እኔ ዘጠኝ ዓመት አንድ የቆርቆሮ አጥር ተጋርተናል። የቸርቻችሁን የመዘምራን ልብስ ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። "ሰአዳ፣ ሰፋ አድርጊው፣ ስንዘምር እንዘላለን" እያልሽ ስንት ጨርቅ አስበልተሽኛል! እኔ የእስላም ልጅ መዝሙራችሁን ከእናንተ እኩል የቻልኩት ልብሱን ልትለኩ መጥታችሁ ሱቄ ውስጥ ስትለማመዱ ነው። ባልሽ ሲሞት አብሬሽ ተቀምጫለሁ። ባሌ ጥሎኝ ወደ ጁባ ሲሄድ "ይሂድ፣ አንቺ የስፌት መኪናሽ አለልሽ" ብለሽ ያሳቅሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን የምልሽ እንድትራሪልኝ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያደርጋል ብለሽ መጠየቅሽ ስለማይቀር ነው፤ እኔም ራሴን ስጠይቅ ከርሜአለሁ።

ስብሰባውን ታስታውሻለሽ? ፋሲካችሁ ባለፈ በሳምንቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሙቀቱ ሰው ይጥላል፤ ሰው ሁሉ በደብተርና በካርቶን ያራግባል። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ያለው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ያስረክብ አለ። አንቺ ተነሳሽ። ስትነሺ ገና ምን እንደምትይ ጠረጠርኩ፤ አፍሽን አውቀዋለኋ።

"እኔ መንግሥት አልጠላም" አልሽ። "ግን ጥያቄ አለኝ። እናንተ ወደ እኔ ቤት ለመምጣት አምስት ደቂቃ ይበቃችኋል። ወደ እናቴ መንደር ለመምጣት ስንት ቀን ነው? ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ከብት ተነዳ፣ ሦስቴም የመጣችሁት ሬሳ ከተቀበረ በኋላ ነው። ከብት የሚነዱት ሰዎች ለዚህ ስብሰባ ተጠርተዋል? አልተጠሩም! ታዲያ የሚያስረክበው ማነው? እዚህ የተቀመጠ ሰው ብቻ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሞባይል ጠጋኙ ሙት ተነስቶ "ጠመንጃ ያለበት ቤት ነው መጀመሪያ የሚመታው፣ ልጅ ያለው ሰው ያስረክብ" ሲል ደግሞ አጉረመረሙበት። አንቺም ገላመጥሽው። ፍየሉ ጓሮሽን ከበላብሽ ጀምሮ ተኳርፋችሁ ነበር፣ ይህ ተጨመረ።

ከዚያ እኔ እጄን አወጣሁ። በሕይወቴ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ስለ አባቴ አወራሁ። አባዬ አብዱልከሪም ሱቁን ሊዘጋ ደጅ እንደቆመ፣ ከከተማው ማዶ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ወርዳ አናቱ ላይ አረፈች። ሊገድለው ያሰበ ሰው የለም። ተኳሹ ዛሬም ቢሆን ሰው መግደሉን አያውቅም፤ ምናልባት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያራግብ ነበር። "እኔ ጠላትም ወዳጅም ጠመንጃ ባይኖረው ነው የምወደው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ ድልድዩ ጋ ስንደርስ "አንቺ ፈሪ!" አልሽኝ። "አንቺ ወታደር!" አልኩሽ። ተሳሳቅን። እንደዚያ ተለያይተንም መሳሳቅ እንችል ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ታወከ። ቀትር ላይ ነው፣ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር፣ ተኩሱ ሲጀምር። የሱቆቹ በር ከላይኛው መንገድ ጀምሮ ግው ግው እያለ እየተዘጋ ወደ እኔ መጣ። ልጆቼን ይዤ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ገባሁ። ያ አላህ፣ ያን ሰዓት! የምቀራው ሁሉ ጠፍቶብኝ "ቢስሚላህ" ብቻ እደጋግም ነበር። ከዚያ አጥሩ ተንኳኳ። "ሰአዳ! ልጆቹን አምጪ! በቶሎ!" አንዱን ቆርቆሮ ነቅለሽ አሳለፍሽን።

ሁለት ቀን አንቺ ቤት ቆየን። አንቺ ከበሩ ጀርባ የላስቲክ ወንበር አስቀምጠሽ፣ የባልሽን ክላሽ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ተቀመጥሽ። ጠመንጃ እንዳለሽ እንኳ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። በሁለተኛው ቀን እነዚያ ሰፈሩን የሚዞሩ ጎረምሶች መጥተው በሩን በድንጋይ ሲደበድቡ አልጮህሽም። በሩ ክፍተት ላይ ቆመሽ እንዲያዩሽ አደረግሽና "እዚህ ያሉት ልጆች ናቸው። ሂዱ" አልሽ። ሄዱ። ያን ቀን ጠመንጃሽ እኔንና ልጆቼን አድኖናል። ይህንን ዛሬም አልክድም፣ ነገም ጠርተው ካቀረቡኝ እመሰክራለሁ።

ግን ኛሩአች፣ ፊትሽን አይቼው ነበር። የማውቀው ፊት አልነበረም። ጎረምሶቹ ከሄዱም በኋላ ጣትሽ ከምላጩ አልተነሳም። ውሃ ላቀብልሽ ስጠጋ ድንገት ዞር ስትይ አፈሙዙም አብሮሽ ዞረ፣ ለአንድ አፍታ ደረቴ ላይ ሆነ። "ውይ!" ብለሽ ወዲያው አወረድሽው። አንቺ ረስተሽዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ በተንኳኳ ቁጥር ደረቴን እይዛለሁ።

በሳምንቱ ሸራ ይዘሽ ሱቅ መጣሽ። "ዝናር ስፊልኝ፣ አራት ኪስ" አልሽኝ። እንደ ቀሚስ ነው ያዘዝሽው። እኔ በሙያዬ ብዙ ዝናር ሰፍቻለሁ፤ የኪሱን ስፋት ስትነግሪኝ የክላሽ ካዝና መሆኑን ለማወቅ ሜትር አያስፈልገኝም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። አንቺም አልነገርሽኝም። ቤት ለመጠበቅ አራት ካዝና ጥይት ምን ያደርግላታል እያልኩ ሰፋሁት። በዚያ ሰሞን ደግሞ "ያ ሰፈር ሊበቀል እየታጠቀ ነው፣ ይሄኛውም እየታጠቀ ነው" የሚለው ወሬ ሱቄን አጥለቅልቆት ነበር፤ የሚገባው ሁሉ ያንኑ ነው የሚያወራው። ዝናሩን አጣጥፌ ስሰጥሽ "እጅሽ ይባረክ" አልሽኝ። እጄ!

በማግስቱ ሄጄ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ያለው የጥቆማ ሣጥን ውስጥ ወረቀት ከተትኩ። ሦስት መስመር ናት። የቤትሽን ቁጥርና ጠመንጃ እንዳለ፣ ጥይቱም ብዙ እንደሆነ ጻፍኩ። ስሜን አልጻፍኩም። መጥተው ጠመንጃውን ብቻ ወስደው የሚሄዱ፣ ነገሩ በዚያው የሚያልቅ፣ እኔና አንቺም እንደ ድሯችን የምንሆን መስሎኝ ነበር። ደግሞስ ምን አልኩ መሰለሽ? "ለራሷም ይሻላታል" አልኩ። አስተግፊሩላህ።

ማክሰኞ ፖሊሶቹ መጡ። የሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ። ሲወጡ አጥሩ ላይ ቆሜ "ምነው? ምን ተፈጠረ?" ብዬ ጠየቅሁሽ፤ እንደማላውቅ ሰው። "ያ ሙት ነው። ስብሰባው ላይ ምን እንዳለ ሰምተሻል" አልሽኝ። "አይደለም" አላልኩሽም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው ነገሩ ከእጄ የወጣው።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ታላቅ ወንድምሽ ዴንግ ሞተ። ከብት ዘራፊዎቹ መንደር ድረስ መጥተው ከብቱን ሲነዱ በጦር ብቻ ወጥቶባቸው ገደሉት አሉ። እኔ ስሰማ ገና አላገናኘሁትም፣ ወላሂ። የገባኝ ለቅሶው ላይ ነው። ግቢሽ ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠን እያለ ፀጉርሽን ነጭተሽ "ዝናሩን ለዴንግ ነበር ያሰፋሁት! ረቡዕ ልወስድለት ነበር! ማክሰኞ ወሰዱብኝ!" ብለሽ ስትጮኺ፣ መሬቱ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። ለካ ለእናትሽ መንደር ነበር። ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ "ለማነው?" ማለት አቅቶኝ ሰው ሞተ።

ጠመንጃው ደርሶለት ቢሆን ይተርፍ ነበር? ዳክ "አዎ" ይላል። ሙት "የታጠቀውን ነው አስቀድመው የሚጥሉት" ይላል። እኔ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ ሆኜ አንዴ የዳክ ሐሳብ፣ አንዴ የሙት ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል። የማውቀው ዴንግ ምርጫ እንዳልነበረው ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩለት።

አሁን ከሁሉ የከበደኝ ይመጣል። ዳክ መሃል ቆሞ "የጠቆመው ሰው የዴንግ ደም አለበት" ብሎ ማለ። ከዚያ አንቺ ጀሪካንና አንድ ጣሳ ይዘሽ ለለቀስተኛው ውሃ ማዞር ጀመርሽ። ከዓመታት በፊት ሱቄ ውስጥ ያጫወትሽኝ ትዝ አለኝ፤ በእናንተ ወግ ደም ያለበት ሰውና የሟች ቤተሰብ ሳይታረቁ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም፤ ከጠጡ በሽታ ቤት ይገባል፣ ሰው ይሞታል። ዳክ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደማይጠጣ በዓይኑ እየተከተለ ነበር። አንቺ መጀመሪያ ራስሽ ተጎነጨሽና ጣሳውን ሰጠሽኝ። አልጠጣም ብል አለቀልኝ። ጠጣሁ። ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁ።

ከእኔ ቀጥሎ ሙት ነበር። ጉንጩን በእጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ። አልጠጣም፣ አልተናገረም። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የዳክን ዓይን አየሁት።

ኛሩአች፣ ሙት ያን ጠዋት መንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ ነበር። ጥጥ ነክሶ ነው የመጣው፤ እስከ ማታ ምንም እንዳትቀምስ ብለውታል። እኔ አውቅ ነበር፣ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ በሱቄ በኩል አልፏል፣ ጉንጩ አብጦ "እህህ" ሲል "አብሽር" ብዬዋለሁ። "ጥርሱን ተነቅሎ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። እሱን ካዳንኩት ዳክ ሌላ ሰው ይፈልጋል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ሙት ራሱ ሲናገር ዳክ "ጥርሱን የተነቀለ ሰው ለቅሶ ምን ያደርጋል?" አለ። ከጎረቤት ለቅሶ እንዳይቀር ብሎ ነዋ የመጣው! ኩርፊያችሁን ትቶ ነው የመጣው።

ከለቅሶው በአራተኛው ቀን ትንሿ ልጅሽ ኛቾል ተኛች። ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፣ ሻል ብሏታል መባሉንም ሰማሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በጣሳ የሚመጣ በሽታ አላምንም። ግን ከመጋረጃው ኋላ ስታቃስት በአጥሩ በኩል ስሰማ፣ ያ የጠጣሁበት ጣሳ ዓይኔ ላይ ይመጣ ነበር። አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ሄድሽ። ሽማግሌዎቻችሁ ለዚህ የሚያደርጉት ነገር ካለ፣ ያለእውነተኛው ሰው ሊያደርጉት አይችሉምና ንገሪያቸው።

ሌላም አለ፤ ሳቂብኝ። አንቺን ስለ ጠመንጃ የጠቆምኩት እኔ፣ የዳክን መሐላ ከሰማሁ በኋላ እኔም ታጠቅሁ። ወንድሜ ፈይሰል ጉዱን ስነግረው ከአቦቦ መጥቶ "ምናልባት እውነቱ ቢወጣ" ብሎ ሽጉጥ ሰጠኝ። የክር መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ያን ሁሉ የተናገርኩ ሴትዮ! ደንበኛ በገባ ቁጥር እጄ ወደ መሳቢያው ይሄዳል። ትናንት ጨርቅ ልታስለካ የመጣች አሮጊት ድንገት ትከሻዬን ነካ ስታደርገኝ፣ መሳቢያውን ስቤ ይዤው ተገኘሁ። ወይኔ! አሮጊቷ አላየችም። እኔ ግን ያን ጊዜ የአንቺን ፊት አወቅሁት። ክፋት አልነበረም ለካ፤ ፍርሃት ነው። ጠመንጃ ይዞ የሚፈራ ሰው ፊት እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ዛሬ ጠዋት ሽጉጡን ለፈይሰል መለስኩለትና ልጽፍልሽ መሆኑን ነገርኩት። እንደ እብድ ነው ያየኝ።

"ሰው መሞቱ ካልቀረ ምን አስገባሽ? አንቺ ልጆች አሉሽ" አለኝ።

"ሙትም አምስት አሉት" አልኩት።

"እነሱ በራሳቸው ይጨርሱት!"

"የራሳቸው አይደለማ፣ የኔ ነው።"

ልጆቼን ይዞ ይሂድ ብዬ ነበር፣ እንደተቆጣም ቢሆን ወሰዳቸው። መቲ ከተማ እህቴ ኢልሀም ዘንድ ያደርሳቸዋል። ትንሹ ልጄ ተሳፍሮ ሳለ "እማ፣ አንቺስ?" ሲለኝ "የምጨርሰው ልብስ አለ" አልኩት።

ከዚያ ሙት ዘንድ ሄድኩ። ስልክ ፈቶ እየጠገነ ነበር። ሁሉም "ሽሽ" እያሉት "ምን አድርጌ ነው የምሸሸው?" ብሎ የቀረ ሰው ነው። ቆሜ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ብሎኑን ከእጁ ጣለ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር እኮ" አለኝ።

"አዎ።"

"ጥርሴን እንደተነቀልኩ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ከዚያ "ለኔ መንገርሽ ምን ይሠራልኛል? ለነሱ ንገሪ" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ብሎኑ መሬት ላይ እንደወደቀ ነበር። አነሳሁለትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

እንግዲህ ይኸው ነግሬሻለሁ። ሉዋል ነገ ማለዳ ይነሳል፣ መንገዱ ካልጨቀየ ቀትር ላይ ይደርሳል። ዳክን ያዢው። ሙትን ተዉት፤ ሽማግሌ ፊት ቅረቢ ካላችሁኝ እቀርባለሁ፣ በሕግ እንጠይቅሽ ካላችሁም አልክድም፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ካሳም የሚባል ነገር ካለ የወጉን ንገሪኝ። ዴንግን ግን የምመልስበት የለኝም።

ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ነኝ። ሁልጊዜ እንደምቀመጠው ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። መሳቢያው ውስጥ ክር ብቻ ነው ያለው። አልዋሽሽም፣ ስትመጪ እፈራሻለሁ። ያም ሆኖ ሌላ ሰው አትላኪ። አንቺው ነይ።

ሰአዳ አብዱልከሪም